ወተት የማይደርስበት ጭስ

በላስታ ላሊበላ የብየዳ ቤቶች ሥራ የሚበረታው ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። የገና እንግዳ ሳይደርስ የሆቴሉ በር፣ የማረፊያው አልጋ፣ የደረጃው መደገፊያ፣ የሱቁ መዝጊያ በአንድ ጊዜ ይታዘዛል። ወቅቱ ጾመ ነቢያት ነው። ወጣቱ በያጅ ደግሞ ከአሠሪው የወረሰው አንድ መድኃኒት አለው፤ ወተት። ጭስ የጠጣ ሰው ወተት ከጠጣ መርዙ ይታጠብለታል ይባላል። በጾም ወተት የለምና አንዳንዱ ልጅ ቀረብ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ጾሙ እስኪፈታ ምን ይሻለኛል?» ይለኛል። የንስሐ አባቱን አስፈቅዶ ሊጠጣ የሚያስብም አለ።

የብረታ ብረት ሥራ አሠልጣኝ ነኝና መልሴ አጭር ነው፦ ጾምህን ጹም። ወተት የሚወርደው ጨጓራ ውስጥ ነው፤ የብየዳ ጭስ የሚገባው ሳንባ ውስጥ ነው። ሁለቱ አይገናኙም። በጾም ምክንያት የሚጎድልበት መከላከያ የለም፤ በፍስኩም አልነበረውምና። የሚያሳስበኝ ወተቱ ራሱ ሳይሆን ወተቱን ጠጥቶ ተጠብቄያለሁ ብሎ በሩን ዘግቶ የሚበይደው ልጅ ነው። የላስታ ጠዋት ብርዱ ይጋረፋል፤ ስለዚህ ቆርቆሮው በር ይዘጋል፣ ጭሱም ከልጁ ጋር ውስጥ ይቀራል።

ብረት ተቀምጦ ሳለ ማንንም አይመርዝም። አደጋው የሚመጣው ስናሞቀው፣ ስንፈጨውና ስንመታው ነው። ምን ዓይነት አደጋ እንደሚመጣ የሚወስነው ደግሞ ከብረቱ ጋር የተቀላቀለው ወይም በላዩ የተቀባው ነገር ነው። እዚህ አገር በብዛት የሚያጋጥመን ዚንክ ነው። የጣሪያ ቆርቆሮ፣ የውኃ ቱቦ፣ አንዳንዱ ላሜራ እንዳይዝግ ዚንክ ለብሷል። ብረት የሚቀልጠው በ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል። ስለዚህ ብረቱ ገና ሳይቀልጥ ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ በብየዳው ዙሪያም ነጭ ብናኝ ትቶ ይሄዳል።

ያንን ጭስ የሳበ ሰው ወዲያው ምንም አይሰማው ይሆናል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ማታ፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል፣ ይጠማዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ መገጣጠሚያው ይቆረጣጠማል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቀዋል። ሕመሙ ሌላም ባሕርይ አለው፦ ጭሱን በየቀኑ የሚስብ ሰው ሰውነቱ ለጊዜው ይለምደዋል፤ ጥቂት ቀን ሲያርፍ ልማዱ ይጠፋል፤ ሥራ በጀመረ ዕለት ትኩሳቱ ይመለሳል። በፈረንጅ ፋብሪካዎች «የሰኞ ትኩሳት» የሚሉት ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ ከበዓል ማግስት ይመጣል። ልጁ በገና ስለበላው ምግብ ያማርራል፤ ሌላው ታይፎይድ ነው ይላል፤ ወባ ነው የሚልም አይጠፋም። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ወደ ተከዜ ቆላ ያልወረደ ልጅ በድንገት ሲንቀጠቀጥ፣ ከወባ ምርመራው ጋር «ትናንት ምን በየድክ?» የምትል ጥያቄ ብትጨመር ብዙ መድኃኒት በከንቱ አይዋጥም ነበር። ይህን ለጤና ባለሙያዎቻችን ከልቤ የምጠይቀው ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ከሚበየደው መስመር ግራና ቀኝ ጥቂት ሴንቲሜትር ዚንኩን በግራይንደር ማንሳት፣ ሲያነሱም ብናኙን አለመሳብ፣ ደጅ ወጥቶ ነፋሱን በጎን አድርጎ መሥራት፣ ፊትን ከጭሱ ዓምድ ማውጣት። አፍ ላይ የሚጠመጠመው ሻሽ የሚያግደው ትልቁን አቧራ ነው፤ የብየዳ ጭስ ቅንጣት ከጨርቁ ቀዳዳ እጅግ ያነሰ ነውና ለደቃቅ ብናኝ የተሠራ ጭምብል ያስፈልጋል።

ከዚንክ የከፋ ግን አለ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት አካባቢያችንን ካዳረሰ ወዲህ የወታደራዊ ተሽከርካሪ ስብርባሪ ለውራጅ ብረት ይፈለጋል። ያልፈነዳ ተተኳሽ አብሮ ሊኖር ስለሚችል ከሜዳ የተለቀመ ብረት ማንነቱ ሳይታወቅ መነካት እንደሌለበት ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው በወታደራዊ ዕቃና በአውሮፕላን ብሎኖች ላይ ካድሚየም መቀባት የተለመደ መሆኑን ነው። የካድሚየም ጭስ እንደ ዚንኩ ትኩሳት ይጀምርና ሳንባን አቁስሎ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ምንነቱን ያላወቅነውን ወርቅማ ወይም ብርማ ብሎን በእሳት አንቁረጥ።

ሆቴሎቻችን የሚወዱት ስቴንለስም ንጹሕ መስሎ ያታልላል። ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለው፤ የተለመደው ዓይነት 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ይዟል። ሲበየድ ከክሮሚየሙ ከፊሉ ካንሰር ወደሚያመጣው ዓይነት ይለወጣል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2017 እ.ኤ.አ. የማንኛውንም ብየዳ ጭስ ካንሰር አምጪ ከሆኑት ምድብ አስገብቶታል። የካንሰሩ ጉዳት እንደ ዚንኩ በማግስቱ አይታይም፤ ስለዚህ ልጆቹን ለማሳመን በጣም ይከብደኛል።

ላስታ የድንጋይ አገር ነውና ስለ መሮም መናገር አለብኝ። ግንበኛው የሚጠርብበትን መሮ ቀጥቃጩ ብዙ ጊዜ ከመኪና ባሌስትራ ይሠራዋል። ባሌስትራ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው ብረት ነው፤ አግሎ ውኃ ውስጥ ሲነከር በጣም ይጠነክራል፣ ተሰባሪም ይሆናል። መሮው ከአፍ እስከ ራሱ ግሎ ከተነከረ መዶሻ የሚያርፍበት ራሱም ይጠነክራል። ጠንካራ በጠንካራ ሲመታ ፍንጣሪ ይወጣል፣ ፍንጣሪውም ዓይን ይፈልጋል። አንጋፋ ቀጥቃጮች አፉን ብቻ ነክረው፣ ከራሱ የሚመለሰው ሙቀት አፉ ላይ የገለባ ቀለም ሲያወጣ መልሰው ያቀዘቅዙታል፤ ራሱ ለስላሳ ይቀራል። ለስላሳው ራስ ደግሞ ሲመታ ሲመታ እንደ እንጉዳይ ይዘረጋል፣ ጠርዙም ይፈናጠራል። ስለዚህ በየጊዜው በሞረድ መስተካከል አለበት። እሱን ማስተካከል ደቂቃ አይፈጅም፤ ሆኖም በየግንባታው የማየው መሮ ጠርዙ የተሰነጣጠቀ ነው።

ፍንጣሪ ዓይን ውስጥ ከገባ ማሸት፣ በጨርቅ ጫፍ ወይም በማግኔት ለማውጣት መሞከር ጉዳቱን ያብሳል። ዓይኑን ሳይጫኑ በስኒ ወይም በኩባያ ከልሎ ቶሎ ሐኪም ዘንድ መድረስ ነው። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ውስጥ የቀረ ብረት እየዛገ ብርሃንን ቀስ በቀስ ሊያጠፋ ይችላል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የእኛ ብየዳ ቤት ግን ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ በያጅ፣ ሠራተኛው ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ ነው። ተቆጣጣሪ እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ የጭምብልና የመነጽር ወጪ እንደ ኤሌክትሮድና እንደ ዲስክ በዋጋ ግምቱ ውስጥ ቢገባ ይሻላል ባይ ነኝ። በር የሚያዝዝ ደንበኛ የበያጁን ሳንባ በነጻ መውሰድ የለበትም።

ትልቁ ሥራ ገና ይመጣል። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ተሠርተው በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀቁት አራት መጠለያዎች የላሊበላን አምስት አብያተ ክርስቲያናት ከልለው ቆመዋል። የታሰቡት ለጊዜው ነበር፤ ክብደታቸውም የከተማውን ሰው ሲያሳስብ ኖሯል። አንድ ቀን ይነሣሉ ወይም ይታደሳሉ፤ ያኔ ከፍታ ላይ ወጥቶ ብረቱን የሚቆርጠው፣ የሚፈታውና የሚያወርደው የላስታ ወጣት እንዲሆን እመኛለሁ። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ዓምድና ቱቦ ከምን ብረት እንደተሠራና ምን እንደተቀባ የሚገልጽ ሰነድ በአማርኛ ተጽፎ ለሠራተኛው መሰጠት አለበት። ይህ መጀመሪያ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ የቀን አበሉ ከዚያ በኋላ ይነገር።