ቃሉን የሰጠ ሰው መብቱ ምንድን ነው?

ብዙ ቄሶችና ሽማግሌዎች ስለ ቤተ እስራኤል ታሪክና ሥርዓት ለተመራማሪዎች ቃላቸውን ሰጥተዋል። ታዲያ ቃሉ በጥናት መጽሔት ሲታተም መብታቸው እስከ ምን ድረስ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1978 የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች በካናዳ፣ በቫንኩቨር ከተማ ተሰብስበው ደንብ ማውጣት ጀመሩ። ደንቡ እየተሻሻለ መጥቶ ዛሬ ደራሲ የሚለው በጥናቱ ዋና ድርሻ ያለውን፣ ጽሑፉን የጻፈውን ወይም ያረመውን፣ የመጨረሻውን ቅጂ ያጸደቀውንና ለሥራው ኃላፊነት የወሰደውን ሰው ነው። አራቱም መሟላት አለባቸው። በሌላ መንገድ የረዳ በምስጋና ይጠቀሳል፤ ስሙ ከመውጣቱ በፊት ግን ፈቃዱ በጽሑፍ ይጠየቃል።

እ.ኤ.አ. በ1997 በእንግሊዝ አገር የተቋቋመው የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴም ለአዘጋጆች መመሪያ ይሰጣል። ስሕተት ቢገኝ እርማት ይታተማል፤ ጥናቱ የማይታመን ከሆነ መሻሩ ከነምክንያቱ በይፋ ይገለጻል።

ስለዚህ ቃል ከመስጠታችሁ በፊት ጥናቱ ለምን እንደሚውልና የታተመው ቅጂ ይደርሳችሁ እንደሆነ ጠይቁ፤ ስማችሁ ይጻፍ ወይስ ይሰወር የሚለውንም አስታውቁ። የተዛባ ነገር ብታገኙ ለመጽሔቱ አዘጋጅ ጻፉ። ሽማግሌው ካለፉ በኋላ የልጅ ልጅ የሚያነበው የታተመውን ነውና።