የአዲስ ተጋቢዎች ስውር ሕመም

ክቡር አዘጋጅ፤

በመርካቶ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ይህን የምጽፈው ባለቤቴ ፈቅዳልኝ ነው። ከሠርጋችን ጀምሮ በግንኙነት ጊዜ ብርቱ ሕመም ነበረባት። «ይለመዳል፣ ቻይው» ያሏት ብዙዎች ናቸው፤ ከገበያ ሥርና ቅጠል ግዙ ያሉንም አልጠፉም።

እኛ ግን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ምክንያቱ ልዩ ልዩ መሆኑን ተረዳን፤ የጡንቻ መኮማተር፣ ድርቀት፣ ኢንፌክሽን፣ ወይም የግርዛት ጠባሳ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻውን ያመጣውን የሴት ልጅ ግርዛት የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ይቀጣል። የባለቤቴ ግን የጡንቻ መኮማተር ሆኖ ተገኘ። ግንኙነቱን ለጊዜው ትተን፣ ጡንቻን የማላላት ልምምድ እያደረገች ከወራት በኋላ ዳነች።

ባሎች ሆይ፤ ይህ ሕመም የፍቅር ማነስ ምልክት አይደለም፤ የሚታከም ነው። «ቻይው» ማለት ቀርቶ አብሮ ሐኪም ቤት መሄድ ወግ ይሁንልን።

አክባሪዎ፤
ስሜ ይቆይልኝ
(ከአዲስ ከተማ)