የጥማድ ዜማ፦ የሁለት ሰው ባህላዊ ዘፈን ለምን ይማርካል?

ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ፣ ወደ ጅማና ወደ ጎጃም በሚወስዱት አውራ ጎዳናዎች ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች የገበሬው ማሳና የከተሜው ግቢ የሚጎራበቱባቸው፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ደጃፍ የሚሰሙባቸው ናቸው። የጥር ሰርግ ሲደርስ ከድንኳኑ የድምፅ ማጉያ የሚወጣው ዘፈን ሰፈሩን ሁሉ ያዳርሳል። ይሁን እንጂ ሰዉን ከተቀመጠበት አስነሥቶ ወደ ደጃፍ የሚያስሮጠው ብዙ ጊዜ ከማጉያው የሚወጣው ዘፈን አይደለም። ሁለት ሰዎች ወይም ሁለት ወገኖች ያለ ማጉያ ፊት ለፊት ቆመው በዜማ መመላለስ ሲጀምሩ ሽማግሌውም ሕፃኑም ጆሮውን ያቀናል።

ይህ በቅብብል የሚዜም ዘፈን በሀገራችን ብዙ መልክ አለው። በማሳ ላይ፣ በሰርግ ደጃፍ፣ በአዝማሪ ቤት፣ ጎሕ ሳይቀድ በየበሩ በሚያዜሙት ላሊበላዎች አፍ፣ ኋላም በቴአትር ቤት መድረክ ይገኛል። መልኩ ይለያይ እንጂ የሚማርክበት ምክንያት ተመሳሳይ ነው።

ጉልበቱ በመልሱ ውስጥ ነው

በምዕራቡ ዓለም ሁለት ዘፋኞች አብረው ሲያዜሙ ብዙ ጊዜ አንዱ ከሌላው የተለየ ዜማ ይይዝና ሁለቱ ድምፆች ተጣጥመው አንድ ኅብረ ዜማ ይፈጥራሉ። የኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ባህላዊ ዜማ ግን በመሠረቱ ነጠላ ነው። ወንዱም ሴቷም የሚያዜሙት አንድ ዜማ ሲሆን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቅላጼ ያስጌጡታል። ስለዚህ የሁለት ሰው ዘፈን ውበት የሚመነጨው ከድምፆች መደራረብ ሳይሆን ከመፈራረቅ ነው። አንዱ ይጥላል፣ ሌላው ያነሣል። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። አድማጩም መልሱ ምን ይሆን እያለ በጉጉት ይጠብቃል።

ለገበሬ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። በሞፈርና ቀንበር የሚታረስ መሬት ጥማድ በሬ ይፈልጋል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ በሬ ጋር አጣምሮ በመቀናጆ ያርሳል። የሁለት ሰው ዜማም እንዲሁ ነው። አንዱ ሲደክም ሌላው ይስባል፤ አንዱ ብቻውን ከሚሄድበት ርቀት ሁለቱ አብረው የሚሄዱት ይበልጣል።

በተለይ ግጥም በቃል በሚፈጠርበት ዘፈን ይህ ጥቅም ግልጽ ነው። ገጣሚው ቤት የሚመታ ስንኝ እዚያው በቆመበት ማግኘት አለበት። አጋሩ አዝማቹን በሚደጋግምበት ጊዜ እርሱ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ቀጣዩን ስንኝም በልቡ ያሰናዳል። አድማጭ «ይህን ሁሉ ከየት ያመጡታል?» እያለ የሚደነቅበት ፍጥነት በከፊል የሚገኘው ከዚህ የሥራ ክፍፍል ነው።

ከማሳ እስከ ሰርግ ደጃፍ

የቅብብል ዘፈን ትልቁ ትምህርት ቤት ማሳ ነው። በደቦ አጨዳ ጊዜ አንድ አውራጅ ያወርዳል፣ የቀረው ተቀባይ ሆኖ ይመልሳል። የዜማው ምት የማጭዱን እጅ ያስተካክላል፤ የደከመው ከሌላው ወደኋላ እንዳይቀር ይጎትታል፤ በግጥሙ ውስጥ ጎበዙ ይወደሳል፣ ሰነፉም በለሆሳስ ይነካል። እዚህ ላይ ዘፈን ከሥራው ያልተለየ መሣሪያ ነው። ሁለት ብርቱ አውራጆች በአንድ ማሳ ላይ ከተገናኙ ደግሞ ሥራው ወደ ውድድር ይለወጣል። አንዱ የሌላውን ስንኝ ተቀብሎ ሲያሻሽለው መስኩ በሳቅ ይሞላል።

በሰርግ ቀን ይኸው ችሎታ ወደ ደጃፍ ይመጣል። የሙሽራው አጃቢዎች ለመግባት ሲመጡ የሙሽሪት ወገን በሩን ይዞ በዜማ ይከለክላል፤ እነዚያም በዜማ ይለምናሉ፣ ይፎክራሉ፣ ያባብላሉ። በኦሮሞ ሰርግ ውስጥ «አረብሶ» የሚባለው የመሰዳደብ ዘፈን የዚህ ወገን ነው። ቃሉ ስድብ ማለት ሲሆን የሁለቱ ወገን ሴቶችና ወጣቶች አንዱ የሌላውን መልክ፣ ስስት ወይም ስንፍና እያነሡ ይተራረባሉ። በሌላ ቀን ቢነገር ጠብ የሚያስነሣው ቃል በዚያች ሰዓት ሳቅ ይሆናል።

ምክንያቱን ልብ ማለት ይገባል። ሁለት የማይተዋወቁ ቤተሰቦች ሊዛመዱ ነው። በልባቸው ሥጋት አለ፤ ልጃችንን ለማን እየሰጠን ነው? ምን ዓይነት ቤት ነው የምትገባው? ይህን ፊት ለፊት መናገር ነውር ነው። ዘፈኑ ግን ሥጋቱን በተረብ አስወጥቶ በአደባባይ ያስነግራል፣ ተቃራኒውም ወገን እንዲመልስ ዕድል ይሰጣል። ሁሉም የተባለውንና የተመለሰውን ስለሰማ ቂም የሚይዝ አይኖርም። በሩ በመጨረሻ ሲከፈት የተከፈተው ለእንግዳ ብቻ አይደለም፤ ለዝምድናም ነው።

አዝማሪና የትዳር አጋሩ

መሲንቆ አንድ ጅማት ብቻ ያለው መሣሪያ ነው። ጅማቱም መምቻውም ከፈረስ ጭራ ይሠራሉ፤ ገበቴው አራት ማዕዘን ሆኖ በቆዳ ይሸፈናል። እንደ ክራር የተቃኙ በርካታ ክሮች ስለሌሉት ተጫዋቹ ጣቱን በጅማቱ ላይ እያንሸራተተ የሰውን ድምፅ ይከተላል። አዝማሪ ብቻውን ሲቀመጥ እንኳ ከመሲንቆው ጋር ሁለት ነው፤ እርሱ ሲናገር መሲንቆው ይመልሳል።

ብዙ አዝማሪዎች ከሚስቶቻቸው ጋር መሥራታቸው ደግሞ ነገሩን ያሰፋዋል። እርሱ መሲንቆውን ይገዘግዛል፣ እርሷ ታዜማለች፤ ከዚያም ስንኝ እየተቀባበሉ ይጨዋወታሉ። ባል የሚስቱን ቅንዓት ያነሣል፣ ሚስት የባሏን መጠጥና ዋዛ ታነሣለች። የተሰበሰበው ሕዝብ የራሱን ቤት ገመና በእነርሱ አፍ ይሰማል። ሰምና ወርቅ ሲጨመርበት ላይ ላዩን ስለ ባልና ሚስት የሚመስለው ስንኝ ወርቁ ስለ ሹምና ስለ ዘመን ሊሆን ይችላል።

ከአድማጩ መካከል አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲያቀብል ደግሞ ሦስተኛ ድምፅ ይገባል። አዝማሪው የተሰጠውን በዜማ ይመልሳል፣ የተነካውም ሰው በተራው ሌላ ስንኝ ያቀብላል። በዚህ መንገድ ሁለት እንግዶች በአዝማሪው አማካይነት ሳይጣሉ ይሟገታሉ።

ጎሕ ሳይቀድ የሚመጡት

ከሁለት ሰው ዜማዎች ሁሉ ለከተማ ነዋሪ በጣም ቅርብ የነበረው የላሊበላዎች ዜማ ነው። «ሐሚና» በመባልም ይታወቃሉ። መሣሪያ አይዙም። ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው ገና ሳይነጋ በሰው ደጃፍ ይቆማሉ። በአብዛኛው ሴቷ አንድን ዜማ ሳታቋርጥ እየደጋገመች ትይዛለች፣ ወንዱ በዚያ ላይ ግጥሙን ይደረድራል። የቤቱን ባለቤት ስምና ሥራ አስቀድመው ከጎረቤት ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ተኝቶ የነበረው ሰው የገዛ ስሙ በዜማ ሲወደስ ሰምቶ ይነቃል። ገንዘብ፣ እህል ወይም ልብስ ሲሰጣቸው ምርቃቱ ይወርዳል፤ ከዘገየባቸው ደግሞ ውዳሴው ወደ ሽሙጥ ሊዞር ይችላል።

ላሊበላዎች ማዜሙን ካቆሙ የሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚል እምነት ከጥንት ጀምሮ ይነገራል። የሥጋ ደዌ መነሻው ባክቴሪያ እንደሆነና በሕክምና እንደሚድን ዛሬ ይታወቃል፤ እምነቱ ግን ይህ ዜማ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዲተላለፍ ካደረጉ ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ካውፍማን ሸለማይ ስለ ዜማቸው ጥናት ጽፈዋል፤ ጃፓናዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴም ኑሯቸውን በፊልም አስቀርተዋል።

የላሊበላ ዜማ በቅብብል ዘፈን ውስጥ የተለየ ቦታ አለው፤ መልስ የሚጠበቀው ከአጋር ብቻ ሳይሆን ከተዘጋው በር በስተጀርባ ካለው ሰው ጭምር ነውና። በሩ ካልተከፈተ ዘፈኑ አልተፈጸመም።

ወደ መድረክና ወደ ሸክላ

በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ ኋላም የሀገር ፍቅር ቴአትር፣ ባህላዊ ሙዚቀኞችን ከየሰርጉና ከየጠጅ ቤቱ ወደ መድረክ ካመጡት ተቋማት ቀዳሚው ነው። በዚህ ዘመን ከተነሡት ጥንዶች መካከል ተዋናይቷና ክራር ደርዳሪዋ አስናቀች ወርቁ ከመሲንቆ ተጫዋቹ ጌታመሳይ አበበ ጋር የተቀባበሉት ዘፈን ዛሬም ይወደዳል። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ያረፈችው አስናቀች በንግግር ፈጣን፣ በተረብ ብርቱ ነበረች። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብም 16ኛ ቁጥሩን ለእርሷ ሰጥቷል።

ቅብብሉ የእኛ ብቻ አይደለም። በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር የሚኖሩት ባስኮች ሁለት ገጣሚዎች በሕዝብ ፊት በቃል ስንኝ የሚፋለሙበት ልማድ አላቸው። በአሜሪካ የገጠር ሙዚቃም ወንድና ሴት ተቀባብለው የሚያዜሙት ዘፈን ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው፤ ኬኒ ሮጀርስና ዶሊ ፓርተን እ.ኤ.አ. በ1983 አብረው የሠሩት ዘፈን በዓለም ዙሪያ ተደምጧል። የሰው ልጅ በየትም ቢሆን ክርክርና ዕርቅን በዜማ ሲሰማ ይማረካል።

የሚቀረው መልሱ ነው

ዛሬ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞች ይህን ዘፈን የወለዱት አጋጣሚዎች እየጠበቡ ነው። ማሳው ወደ መኖሪያ ቤትና ወደ ፋብሪካ ሲለወጥ የደቦው አውራጅ ተቀባዮቹን ያጣል። ሰርጉ ከግቢ ወደ አዳራሽ ሲዛወር በር ይዞ የሚከራከር ወገን አይኖርም። አንድ የኪቦርድ ተጫዋች የከበሮውንም የመሲንቆውንም ድምፅ ብቻውን ያወጣል፤ ወጪውን ይቀንሳል፣ ነገር ግን ለሰርገኛው አይመልስም። ጥበቃ ባለው የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የተኛ ሰውም የላሊበላን ድምፅ አይሰማም።

ዘፈኑ ራሱ ላይጠፋ ይችላል፤ በስልክና በቴሌቪዥን ይገኛል። የሚጠፋው መልስ የመስጠት ችሎታ ነው። የተቀረጸ ዘፈን ሁልጊዜ ያንኑ ይላል፤ የሰርጉን ቤተሰብ ስም፣ የዘንድሮውን አዝመራ፣ የጎረቤትን አመል አያውቅም። ከዚህም በላይ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው በአንድ ሰፈር በሚኖርባቸው በእነዚህ ከተሞች የሚከብድን ነገር ያለ ጠብ ተናግሮ መልስ የመስማት ልማድ ለመዝናናት ብቻ የሚፈለግ ነገር አይደለም።

ልማዱን ለማቆየት ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ሰርግ የሚያዘጋጅ ቤተሰብ የሙሽራው አጃቢዎች በሚገቡበት ሰዓት የድምፅ ማጉያውን ለግማሽ ሰዓት ማጥፋትና ደጃፉን ለሁለቱ ወገኖች መልቀቅ ይችላል። የትምህርት ቤት የባህል ክበባት ተማሪዎች የተጻፈ ግጥም እንዲያነበንቡ ከማድረግ ባሻገር ስንኝ ተቀባብለው በቃል እንዲመልሱ ሊያለማምዱ ይችላሉ። የአረጋውያንን ዜማ በስልክ የሚቀርጽ ወጣት አስቀድሞ ፈቃድ ቢጠይቅና አውራጁን ብቻ ሳይሆን ተቀባዩንም ቢቀርጽ ለነገ የሚተርፍ ቅርስ ያስቀምጣል፤ አውራጁ ብቻ የተቀረጸበት ዜማ አንድ በሬ እንደጎደለው ጥማድ ነውና።

ጎሕ ሳይቀድ በደጃፉ ስሙ ሲጠራ የሚሰማ ሰው ደግሞ በሩን ቢከፍት መልካም ነው። የዜማው ሌላኛው ግማሽ እርሱ ነው።