በደጋ መንገድ ስለሚሠራ የሞተር ብስክሌት ጎማ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የግብርና ሥራ የሚፈጸመው በቢሮ ሳይሆን በገበሬው ደጅ መሆኑን የየወረዳው ሹማምንት ሁሉ ያውቁታል። ከጣርማ በር ተነሥቶ በመዘዞና በሞላሌ አልፎ መሐል ሜዳ የሚደርሰው፣ ከሙከ ጡሪም በለሚ በኩል ወደ ጀማ ወንዝ ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ የሚወጣው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው። ከዋናው መንገድ ወደየቀበሌው የሚገባው ጐዳና ደግሞ ድንጋይና ጭቃ ስለሆነ መኪና እንደ ልብ አይሄድበትም። ስለዚህ የግብርና ባለሙያውና የእንስሳት ሐኪሙ ወደ ገበሬው የሚደርሱት በእግር፣ በበቅሎ ወይም በሞተር ብስክሌት ነው።

የመንዝ በግ ለአገሩ ሰው ሥጋው ምግብ፣ ጠጉሩ ባና፣ ዋጋው የችግር ቀን መጠጊያ ነው። በጎችንና ፍየሎችን የሚፈጀው ደስታ መሰል በሽታ በገባ ጊዜ ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ተይዞ በፍጥነት መድረስ ይገባዋል፤ በረዶው ቀልጦ መድኃኒቱ ከሞቀ ኃይሉ ይጠፋልና። ሞተሩ ጎማው ተንፍሶ በመንገድ ቢቀር የሚጎዳው ነጂው ብቻ ሳይሆን መንጋውን ሰብስቦ የሚጠብቀው ገበሬም ጭምር ነው። እንግዲህ የጎማ ነገር የጎሚስታ ጉዳይ ብቻ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

በነፋስ የሚሞላውን ጎማ ጆን ቦይድ ደንሎፕ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1888 ለብስክሌት ሠራ። ካላማዳሪ የማያሻውን ጎማ ደግሞ በአሜሪካ የጉድሪች ኩባንያ ባለሙያ የነበረው ፍራንክ ሄርዜግ አበጅቶ በ1952 የፈጠራ መብት ተሰጠበት፤ በ1955ም በአሜሪካ አዳዲስ መኪናዎች ላይ የተለመደ ሆነ። የዚህ ጎማ ጥቅሙ ግልጥ ነው። ካላማዳሪ በተቀደደ ጊዜ ነፋሱን ባንድ ጊዜ ስለሚለቅ በቁልቁለት ላይ ነጂውን ሊጥለው ይችላል፤ ካላማዳሪ የሌለው ጎማ ግን ሚስማር ቢወጋው ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ ስለሚወጣ ነጂው ለመቆም ጊዜ ያገኛል፤ ቀዳዳውም ጎማው ሳይወልቅ ከውጭ ይደፈናል።

ይህን የሰማ ሁሉ አዲሱን ጎማ ገዝቶ በአሮጌው ባለ ራጂ ቸርኬ ላይ ያለ ካላማዳሪ ለመግጠም ይመኛል። ነገር ግን ይህ አሠራር በሦስት ምክንያት አይበጅም።

አንደኛ፣ በአሮጌው ቸርኬ እያንዳንዱ ራጂ በቀዳዳ ገብቶ በዳዶ የተያዘ ስለሆነ ነፋሱ በቀዳዳዎቹ ያፈሳል። በማጣበቂያና በጨርቅ ቢደፈንም፣ ድንጋይ ሲመታው ወይም ራጂው ሲጠብቅ ዳዶው ስለሚንቀሳቀስ ድፍኑ ይላቀቃል። ሁለተኛ፣ ካላማዳሪ ለሌለው ጎማ ተብሎ የተሠራ ቸርኬ የጎማውን ከንፈር በቦታው የሚይዝ ጉብታ በውስጥ ዳሩ አለው። ይህ በሌለበት በብዙው አሮጌ ቸርኬ ግን ነፋሱ ባነሰ ጊዜ ከንፈሩ ተንሸራቶ ወደ መካከለኛው ጎድጓዳ ይገባል፤ የቀረውም ነፋስ ባንዴ ይወጣል። ሦስተኛ፣ እንዲህ የወጣውን ከንፈር ወደ ቦታው ለመመለስ ብዙ ነፋስ ባንድ ጊዜ ማስገባት ያሻል፤ ይህም በእጅ ፖምፓ እምብዛም አይሆንም፤ በገጠርም መንገድ የነፋስ መሙያ ሞተር አይገኝም።

ይሁን እንጂ አዲሱ ጎማ ለአሮጌው ሞተር ፈጽሞ አይረባም ማለት አይደለም። ስፋቱ ከቸርኬው ጋር የሚስማማ ከሆነና የጎማው ፋብሪካ የሚፈቅደው ከሆነ፣ በልኩ አዲስ ካላማዳሪ ገብቶበት ሊሠራ ይችላል። ካላማዳሪውና ጎማው ሲፋተጉ ሙቀት ስለሚፈጠር ግን በፍጥነትና በጭነት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የዳዶዎቹን ራስ የሚሸፍነው የጎማ ቀበቶም መጓደል የለበትም፤ እርሱ ከሌለ ካላማዳሪውን ብረቱ ይበሳዋል። ደግሞም አሮጌው ባለ ራጂ ቸርኬ በድንጋይ ተመትቶ ቢጣመም በራጂው ተስቦ ብዙ ጊዜ ይቃናል፤ ከአሉሚኒየም አንድ ወጥ ሆኖ የፈሰሰው ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ አሮጌው ቸርኬ ለዚህ አገር መንገድ የሚናቅ አይደለም።

የነፋሱ መጠን ነገርም ልዩ አሳብ ይሻል። ከ3000 ሜትር ከፍታ ወደ 1500 ሜትር የሚወርድ ሰው፣ የውጭው አየር ክብደት ስለሚጨምር፣ በጎማው መለኪያ ላይ 0.15 ባር ያህል ጎድሎ ያገኛል። ከደጋው ብርድ ወደ ቆላው ሙቀት መውረዱ ግን መለኪያውን መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ በመንገድ ላይ በጋለ ጎማ ተለክቶ ነፋስ ቢቀነስ በማግሥቱ ብርድ ጎማው ጎዶሎ ሆኖ ይገኛል። የሚበጀው በጠዋት፣ ጎማው ሳይግል፣ በሞተሩ መመሪያ በተጻፈው ልክ መሙላት ነው።

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንት በሥራቸው ባሉት ሞተሮች ላይ ይህን እንዲያስፈጽሙ ይገባል። ጎማ ሲገዛ መጠኑ ከቸርኬው ጋር ይመሳከር፤ ጎማው በተለወጠ ቁጥር ካላማዳሪውም አብሮ ይለወጥ፤ በጨርቅና በማጣበቂያ የተደፈነ ቸርኬ ያለ ካላማዳሪ እንዳይነዳ ይከልከል። ወደ ቀበሌ የሚወጣ ነጂ ሁሉ መለዋወጫ ካላማዳሪ፣ ጎማ መፍቻ፣ ለጣፊ፣ ማስቲሽና የእጅ ፖምፓ ሳይዝ አይሂድ፤ አጠቃቀሙንም አስቀድሞ በግቢ ውስጥ ይማር። የአንድ ካላማዳሪ ዋጋ፣ በመንገድ ከተበላሸ ክትባትና በገደል አፋፍ ከወደቀ ሰው ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለውም ስለዚህ ነው።