ካልታየ አይተላለፍም፤ ግን ያልታየው በምርመራ ነው?

ባልየው የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሙ አለ፤ ሚስትየው ነፃ ናት። ደባርቅም ሆነ ዳባት እንዲህ ያሉ ጥንዶች ነርሷን የሚጠይቁት፣ ደፍረው ከጠየቁ፣ አንድ ነገር ነው፦ «አብረን ስንተኛ ይይዛታል?»

መድኃኒቱን በየቀኑ እየወሰደ፣ በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ደርሶ እዚያው ከቆየ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍባትም። ለማጽናናት የሚባል ነገር አይደለም። በአውሮፓ እንዲህ ያሉ ጥንዶችን የተከታተለው «ፓርትነር» የተባለው ጥናት፣ ያለ ኮንዶም ከተደረገው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ግንኙነት፣ ቫይረሱ ከአጋር ወደ አጋር ሲተላለፍ አንድም ጊዜ አላገኘም። ጡት ማጥባትና መርፌ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ እዚያ ላይ የጤና ባለሙያን ምክር መከተል ነው።

«ወፍሬአለሁ፣ ፊቴም ተመልሷል» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው ሕመምተኞች ራሳቸው «ቫይራል ሎድ» የሚሉት የደም ምርመራ ነው። መድኃኒት በተጀመረ በ6 ወር ገደማ ይሠራል፤ ጥሩ ከሆነ በኋላ በዓመት አንዴ ይበቃል። ውጤቱ እስኪታወቅ ኮንዶም ግድ ነው።

መድኃኒቱ ከተቋረጠ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይራባል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከአዲአርቃይ በኩል ተፈናቅሎ ደባርቅ የገባው ሰው ብዙ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ሽሽት ብልቃጡን ያልያዘ ሰው በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ጀምሮ እንደገና እስኪመረመር ወደ ኮንዶም ይመለሳል። ጸበል የሚገባም መድኃኒቱን አይተው፤ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ በ1999 ዓ.ም. በይፋ ተናግረዋል። ጾምም ቢሆን ሰበብ አይሆንም፦ አሁን በብዛት የሚሰጠው ዶሉተግራቪር ያለበት ክኒን በባዶ ሆድም ይዋጣል፤ ሰዓቱን ማታ ማድረግ ይቻላል። ጎረቤት እንዳይሰማ ብሎ የሚንኳኳውን ክኒን በወረቀት መጠቅለል ግን አይበጅም፤ እርጥበት ይገባዋል። 

ቫይረሱ ባይታይም ጨብጥና ቂጥኝን የሚከላከለው ኮንዶም ነው። ሁለቱም ቫይረሱ ያለባቸው ጥንዶች «ከእንግዲህ ምን ይጨመርብናል» ሲሉ ይህን ይዘነጋሉ። ኮንዶሙ ላይ ቅቤም ሆነ ቫዝሊን አይቀባ፤ ላስቲኩን ያዳክመዋል። ቫይረሱ ያለባት ሴት የማህፀን በር ካንሰር ከሌሎች ይበልጥ ስለሚያሰጋት ምርመራውን ከ25 ዓመቷ ጀምሮ ትጠይቅ።

ከሊማሊሞ ግርጌ እስከ ደባርቅ በየወሩ መመላለስ ለከበደው፣ ሕክምናው የተረጋጋለት ሰው የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ መውሰድ ይችላል፤ ካልነገሩት እሱ ይጠይቅ።