ቡቺ ብቻውን ሲውል

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ውሻህ ማን ሞቶበት ነው?»

ጠያቂዋ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ እናት ናቸው። ጠዋት ለሥራ ስወርድ ዘንቢላቸውን ደረጃው ላይ አሳርፈው አስቆሙኝ። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊታቸው አልተፈታም። «በሩን ዘግተህ ከወረድክበት ጀምሮ ያላዝናል። ውሻ ሲያላዝን ደግ አይደለም፤ አንተ እዚህ ስላደግህ አታውቀውም» አሉኝ። አውቀዋለሁ። እናቴም ሌሊት ውሻ ካላዘነ ሟርት ነው ብላ ከመኝታዋ ተነስታ ዝም ታሰኘው ነበር።

የእማማን ነገር ግን አላመንኩም። ቡቺ እኔ ባለሁበት አላዝኖ አያውቅም። ማታ አሮጌ ስልኬን መጻሕፍት ላይ አስደገፍኩና በነጋታው ቪዲዮውን ከፍቼ ወጣሁ። ከሥራ ስመለስ ያየሁትን ሳስታውስ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። በሩ እንደተዘጋ ቆሞ ጆሮውን ቀሰረ። ከዚያ ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር። ሳይሞቀው ያለከልካል፣ ለሃጩ ወለሉን አርሶታል። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ አንገቱን ወደ ጣሪያ ቀና አድርጎ ማላዘን ጀመረ። ያስቀመጥኩለትን የተቀቀለ ዶሮ ዞር ብሎ አላየውም፤ የበላው እኔ ስመለስ ነው። ዶሮ ፊቱ ተቀምጦ የማይበላ ውሻ ጠግቦ አይደለም። ጭንቀት ይዞታል።

ውኃ ይቀመጥለት፣ ከመውጣታችሁ በፊት ይንሸራሸር፣ ቺፑና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ እዚህ እስራኤል በሕግ ግዴታ ነው። ይህን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ልለፈው።

የማላልፈው የኛን ሰው ጉዳይ ነው። እኛ ውሻ ብቻውን ሲውል ምን እንደሚሆን የማናውቀው ስለማንወድደው አይደለም። ብቻውን ውሎ ስለማያውቅ ነው። ጎንደር ገጠር የውሻ ቦታ ደጅ ነው። ቀን ከእረኛው ጋር ይወጣል፣ ማታ በረቱን ከጅብ ይጠብቃል። አዲስ አበባም ግቢ ውስጥ ቀን ታስሮ ማታ ይለቀቅ እንጂ ሠራተኛዋ፣ ዘበኛው፣ ሴት አያት፣ አላፊ አግዳሚው አለ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የተባለው የሚጮኽለት ሰው ቤት ውስጥ ስላለ ነው። የእኛ ቤት ውሻ ከመንደራችን ወደ አዲስ አበባ ስንነሳ እስከ ወንዙ ተከትሎን አባቴ በድንጋይ መለሰው። ቤተ እስራኤላውያንን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ባመጣው በሰሎሞን ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ.፣ በሠላሳ ስድስት ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ሲጓጓዝ እኔም ከልጆቹ አንዱ ነበርኩ። ሻንጣ እንኳ የያዘ ጥቂት ነው፤ ውሻማ ማን ያነሳዋል።

እዚህ ኢየሩሳሌም፣ ቂርያት መናሔም ሰፈር ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ሜክሲኮ፣ ኡራጓይ፣ ፓናማ እያሉ በአገር ስም በሰየሟቸው መንገዶች ዳር የተደረደሩት ሺኩን የሚባሉ አሮጌ የመኖሪያ ሕንፃዎች ግድግዳቸው ስስ ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይማርህ ትላለህ። ጠዋት ሁሉም በሩን ቆልፎ ይወጣል። እኔም ከተማ መሃል፣ ከኢትዮጵያ ጎዳና ብዙ የማይርቅ ቢሮ እሠራለሁ፤ ከአውቶቡሱ ጋር ዘጠኝ ሰዓት ከቤት ውጪ ነኝ። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮናው ጊዜ ቤት ስንቀመጥ ብዙ ሰው ቡችላ ወሰደ፤ እኔም ቡቺን ያኔ ነው ያመጣሁት። ሕይወቱን ሙሉ ሰው አጠገቡ ነበር። ከዚያ ወደ ቢሮ ስመለስ፣ አንድ እሑድ በድንገት ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ቤት ሰጠሁት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። የአክስቴ ልጅ ቤቴ መጥቶ የተገሸለጠውን የበር መቃን አየና «ሊበቀልህ ነው» አለ። «ኧረ ውሻ አይበቀልም» ብለው «ታዲያ ፊቱን እየው! ጥፋቱን ያውቃል እኮ» አለኝ። ቡቺ እውነትም ጆሮውን አስተኝቶ፣ ጅራቱን ሸጉጦ፣ ዓይኑን ወደ ጎን አድርጎ ጥግ ይዟል። ይቺን ፊት ያላየ የውሻ ባለቤት የለም። እኔም ለወራት ያመንኩት ይህንኑ ነው፤ ያጠፋ ልጅ እናቱ ስትመጣ የሚያሳየው ፊት ነዋ።

አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የምትባል በኒውዮርክ ባርናርድ ኮሌጅ የምትሠራ ተመራማሪ ይህን ፊት በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ፈትናዋለች። አሥራ አራት ውሾች ነበሩ። ባለቤቱ ውሻውን አንዲት ጣፋጭ ቁራሽ አሳይቶ «እንዳትነካ» ይልና ከክፍሉ ይወጣል። እሱ በሌለበት ቁራሹ አንዳንዴ ለውሻው ይሰጠዋል፣ አንዳንዴ ሳይበላው ይነሳል። ባለቤቱ ሲመለስ ውሻው በልቷል ወይም አልበላም ተብሎ ይነገረዋል፤ የሚነገረው ግን ሁልጊዜ እውነቱ አይደለም። በልቷል ከተባለ ይቆጣዋል፤ አልበላም ከተባለ በደስታ ሰላም ይለዋል። ውጤቱ ምን ሆነ? የጥፋተኛው ፊት ውሻው ከመብላት አለመብላቱ ጋር አልተያያዘም። የተያያዘው ከቁጣው ጋር ነው። ጭራሽ ፊቱ ይበልጥ የጎላው ምንም ሳይነኩ በከንቱ የተቆጧቸው ውሾች ላይ ነበር።

ይህን ሳነብ ራሴን ጠረጠርኩ። አንድ ቅዳሜ ማታ ባዶ ካርቶን በገዛ እጄ ቦጫጭቄ ሳሎኑ ላይ በተንኩት፤ ቡቺ ተኝቶ ያየኛል። ወጥቼ አንድ ደቂቃ ቆይቼ ተመለስኩ፤ ካርቶኑን አየሁና ፊቴን አጨማደድኩ፤ አንድም ቃል አልተናገርኩም። ጆሮው ተኛ፣ ጅራቱ ገባ፣ ጥጉን ያዘ። ካርቶኑን የቦጨቅኩት እኔ፣ ጥፋተኛው እሱ! ፊቱ ላይ የማነበው የእሱን ጥፋት አልነበረም፤ የራሴን ቁጣ ነበር። «ስገባ ገና በሩ ላይ እያለ ያውቃል» የሚሉም አሉ። የሚያውቀው ሌላ ነገር ነው። ወለሉ ላይ የተበጣጠሰ ነገር ሲኖርና ጌታው ሲገባ ቁጣ እንደሚከተል ተምሯል፤ ማን እንደበጣጠሰው ማስላት አያስፈልገውም።

ጉዳዩ ቀልድ የማይሆነው የሚቆጣው ሰው ሲበዛ ነው። ማታ ገብታችሁ ስለ ጠዋቱ በር ስትቆጡ ውሻው የሚማረው በር መቧጨር መጥፎ መሆኑን አይደለም። መመለሳችሁም እንደሚያስፈራ ነው። ጠዋት መሄዳችሁን ይፈራ ነበር፤ አሁን መምጣታችሁንም ጨመራችሁለት። በጮኸ ቁጥር የሚነዝር የአንገት ማሰሪያ የሚገዙትንማ ምን ልበላቸው? ፈርቶ የሚጮኽን ፍጡር ሌላ ፍርሃት አንገቱ ላይ ማሰር ነው።

ደግሞስ በቀል ቢሆን ሶፋው እያለ መቃኑን ለምን ይነክሳል? ጥፋቱ የት እንደሆነ አስተውሉ። የሰለቸው ውሻ ቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ይገለብጣል፣ ካልሲ ይሰርቃል፣ ያኝካል፣ ከዚያ ይተኛል። የደነገጠው ግን እናንተ የወጣችሁበትን መውጫ ነው የሚይዘው፤ በሩን፣ እጀታውን፣ የመስኮቱን ጠርዝ። የሰለቸው ውሻ መድኃኒት ሽርሽርና ጨዋታ ነው፤ ወደ ዐይን ላቫን ምንጭ የሚያወርደው መንገድ እዚሁ ከሰፈራችን ግርጌ ነው። ለደነገጠው ሽርሽር አይጎዳም እንጂ ብቻውን አያድንም። ቡቺን አንድ ጠዋት ሁለት ሰዓት አስኪጄው ደክሞ እየተንገዳገደ በሩ ላይ አላዘነ። «ሁለተኛ ውሻ አምጣለት» ያሉኝም ነበሩ፤ እሱን የጎደለው ግን ሰው ነው፤ ሁለት የሚያላዝኑ ውሾች ቢኖሩኝ እማማ ምን ሊሉኝ ነበር?

የሰውና የውሻ ነገር እዚህ አገር ረጅም ሥር አለው። በሰሜን፣ በሁላ ሸለቆ፣ ዐይን ማላሓ በተባለው ቦታ አርኪኦሎጂስቶች ወደ 12,000 ዓመት የሚጠጋ መቃብር አግኝተዋል፤ ሟቹ እጁን ቡችላ ላይ አሳርፎ ነው የተቀበረው። ያንን ሁሉ ዘመን አጠገባችን አድርገን ያኖርነውን እንስሳ ዛሬ ለምን ብቻህን መሆን አልቻልክም ብለን እንቆጣዋለን።

ሥራው የሚጀምረው ከቁልፍ ነው። ቡቺ የሚጨነቀው በሩ ሲዘጋ መስሎኝ ነበር፤ ቪዲዮውን ደግሜ ሳየው ገና ጫማዬን ሳጠልቅ ይነሳል፣ ቁልፍ ሲንኳኳ ማለክለክ ይጀምራል። ፓቭሎቭ በውሾቹ ምራቅ ያሳየው ነገር ነው፤ ከምግብ በፊት የሚመጣው ድምፅ ራሱ ምግብ ይሆናል፣ ከብቸኝነት በፊት የሚመጣው ቁልፍም ራሱ ብቸኝነት ይሆናል። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ቁልፉን አንስቼ ቡና አፈላሁ። ጫማ አድርጌ ቴሌቪዥን አየሁ። ጃኬት ለብሼ ሰሃን አጠብኩ። ባለቤቴ ያበድኩ መስሏት ነበር። ቡቺ ግን ቁልፉን ችላ አለው።

ከዚያ በሩ። ወጥቶ አምስት ሰከንድ ቆሞ መመለስ። አሥር። እንደገና አምስት። ሃያ። ሁሌ እየጨመሩ መሄድ ስህተት ነው፤ ውሻው ቀጣዩ የባሰ መሆኑን ይቆጥራል። ሕጉ አንድ ነው፤ ከመደንገጡ በፊት ተመለስ። ካላዘነ ደቂቃው በዝቶበታል፣ ወደኋላ መመለስ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከሁሉም ይከብዳል፤ አብዛኛው ጭንቀት የሚፈነዳው እዚያ ውስጥ ስለሆነ አርባ ደቂቃ የተሻገረ ውሻ ከዚያ በኋላ በትልልቅ እርምጃ ይሄዳል። እኛ አርባ ደቂቃ ለመድረስ ሁለት ወር ተኩል ፈጀብን።

ችግሩ በዚህ መሃል ሥራ አለ። በየቀኑ ማታ ሠላሳ ሰከንድ እያስተማርክ ጠዋት ለዘጠኝ ሰዓት ጥለኸው ከሄድክ በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን አብሮት የሚውል ተማሪ ቀጠርኩ። ለቀሩት ሁለት ቀናት እማማን ደጅ ጠናሁ። «ቤት አይገባም» አሉ፤ በረንዳው ላይ ነው የሚውለው። ሲያዩት «ሂድ ወዲያ!» ይሉታል፤ ዳቦ ግን ይቆርሱለታል። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፤ ወጥ እንዳይሰጡት። ይህን ለሁሉም እላለሁ። የኛ ወጥ ግማሹ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰብሮ አንጀት ይወጋል። የዶሮ ወጥ ትራፊ ለውሻ መድፋት ደግነት የሚመስላችሁ፣ እባካችሁ።

ኮንግ የሚሉት ባዶ የጎማ መጫወቻ ውስጥ እርጎ አቀዝቅዞ መስጠት ለሰለቸው ውሻ ፍቱን ነው። ለደነገጠው ግን ቡቺ ዶሮውን እንዳልበላው ነው፤ መጀመሪያ ድንጋጤው ይቀንስ። ሥልጠናው ፈጽሞ አልገፋ ላላቸው የእንስሳት ሐኪም ያለ ጉዳይ ነው። ለዚሁ ችግር በአሜሪካ ክሎሚፕራሚን በ1998፣ ፍሉኦክሴቲን በ2007 እ.ኤ.አ. ለውሾች ተፈቅደዋል። ሁለቱም ከሥልጠና ጋር እንጂ በእሱ ፋንታ አይሰጡም። የራሳችሁን ክኒን አካፍሎ መስጠት ግን መግደል ሊሆን ይችላል።

ባለፈው ማክሰኞ ተማሪው ቀረ። ቡቺ ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ብቻውን ዋለ። ቪዲዮው ላይ በሩን አንዴ አሽትቶ ይመለሳል፣ ምንጣፉ ላይ ይተኛል፣ ሁለተኛው ሰዓት አካባቢ ተነስቶ ውኃ ይጠጣል፣ ጎኑን ቀይሮ እንደገና ይተኛል። ስመለስ እማማ ደረጃው ላይ ዘንቢላቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ዛሬ ውሻህን ይዘኸው ሄድክ እንዴ?» አሉኝ።