ቁስልና ይርጋ፤ የኬንያ አርበኞች አቤቱታ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ምሳሌ ለጎረቤታችን ለኬንያም የሚስማማ መሆኑን ለመረዳት የሚሻ ሰው በናይሮቢ ከተማ ወደሚገኘው ወደ ኡሁሩ መናፈሻ ይሂድ። በዚያ ስፍራ በመስከረም ወር 2015 የተመረቀ ሐውልት ቆሟል፤ ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው። ሐውልቱ አንዲት ሴት ለጫካ አርበኛ ምግብ ስታቀብል ያሳያል። ወጪውን የከፈለው ግን ያንኑ አርበኛ ቀድሞ ሲያሳድደው የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት ነው።

ይህ እንደምን ሊሆን ቻለ? ነገሩ የአንድ የካሣ አቤቱታ ታሪክ ነው። ለአንባብያን ልናቀርበው የወደድነውም ስለ ገንዘቡ ብዛት ሳይሆን፣ በገላና በክብር ላይ የተፈጸመ ግፍ በሕግ ፊት እንደምን እንደሚሰማ የሚያስተምር ስለ ሆነ ነው።

በጥቅምት ወር 1952 የእንግሊዝ ገዥ በኬንያ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ባወጀ ጊዜ፣ የማውማው አርበኞችና ደጋፊዎች ናቸው የተባሉ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በእስር ሰፈሮች ታጎሩ። ዐዋጁ እስከ 1960 ጸንቶ ቆየ። በእነዚያ ሰፈሮች የተፈጸመው ግፍ ድብደባ ብቻ አልነበረም። የተኮላሹ ወንዶች ነበሩ፤ በምርመራ ስም ክብረ ገላቸው የተደፈረ ሴቶችም ነበሩ።

ኬንያ በ1963 ነጻነቷን አገኘች። ሆኖም በቅኝ ገዢዎች ዘመን ማውማውን ያገደው ሕግ እስከ 2003 አልተሻረም ነበር። አርበኞቹ በሕግ የታወቀ ማኅበር አቋቁመው በደላቸውን በአንድነት ለመናገር የቻሉት ከዚያ ወዲህ ነው። በዚህ ላይ ደግሞ የኀፍረት ዝምታ አለ። ባል ለሚስቱ፣ እናት ለልጇ ሳይነግሩ ያኖሩትን ነገር በማያውቁት ዳኛ ፊት መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ራሱ ይፈርዳል።

በ2009 አምስት አረጋውያን፣ የኬንያ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን በተባለው ማኅበር ረዳትነት፣ በሎንዶን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። ከመካከላቸው የተኮላሹ ወንዶችና በእስር ሰፈር ክብሯ የተደፈረ ሴት ይገኙ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት አስቀድሞ ያቀረበው መከላከያ፣ ኀላፊነቱ በ1963 ወደ ኬንያ መንግሥት ተላልፏል የሚል ነበር። በሐምሌ ወር 2011 ዳኛው ማኮምብ ክሱ ሊታይ የሚገባው ነው ብለው ወሰኑ።

ሁለተኛው መከላከያ ይርጋ ነበር። በእንግሊዝ አገር የ1980 ሕግ መሠረት በአካሉ ላይ ስለ ደረሰ ጉዳት ካሣ የሚጠይቅ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ መክሰስ ይገባዋል። ነገር ግን ሕጉ አንድ በር ትቷል፤ ዳኛው ለፍትሕ ይበጃል ብሎ ሲያምን ጊዜው ያለፈበትን ክስ ሊሰማ ይችላል። በዚያው ወራት፣ ከኬንያ ተጭነው በሐንስሎፕ ፓርክ በተባለ የመንግሥት ግቢ ለብዙ ዓመት ተሸሽገው የኖሩ 300 ሳጥን ያህል መዛግብት ወጡ። ግፉ በጽሑፍ ስለ ተገኘ፣ በጥቅምት ወር 2012 ዳኛው ትክክለኛ ፍርድ መስጠት እንደሚቻል አምነው ለሦስት ከሳሾች በሩን ከፈቱ። ከአምስቱ አንዲቱ ግን ይህን ቀን ሳያዩ ዐርፈው ነበር።

በሰኔ ወር 2013 የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዊልያም ሄግ ኬንያውያን በቅኝ አስተዳደሩ መሠቃየታቸውን በፓርላማ አምነው፣ መንግሥታቸው ከልብ የተጸጸተ መሆኑን ገለጡ። ለ5,228 ከሳሾችም የጠበቃ ወጪ ጭምር 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከፈል ተስማሙ። ሐውልቱም የዚሁ ስምምነት ፍሬ ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከ40,000 የሚበልጡ ሌሎች ኬንያውያን ያቀረቡትን ክስ ያው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2018 ጊዜው አልፏል ሲል ዘጋው። ምስክሮቹ ሞተዋል፤ ትዝታው ደብዝዟል ተባለ። ስለዚህ የአንዲት አገር ሰዎች፣ በአንድ ዘመን ስለ ደረሰባቸው በደል ሁለት ዓይነት መልስ አገኙ።

ከዚህ የምንማረው፣ ካሣ የሚፈቅድ ሕግ መኖሩ ብቻውን የማይበቃ መሆኑን ነው። አቤቱታውን የሚሰማው ማን ነው? ማስረጃው ምንድን ነው? ዘመኑስ ከመቼ ይቈጠራል? በአሜሪካ በውትድርና ሳሉ ክብረ ገላቸው የተደፈረ ሰዎች የጡረታ ካሣ ሲጠይቁ፣ በጊዜው የተጻፈ ሪፖርት ባይኖራቸውም የቤተሰብ ቃል ወይም የጠባይ መለወጥ እንደ ማስረጃ እንዲታይ ከ2002 ጀምሮ በደንብ ተፈቅዷል። በጥር ወር 2021 የወጣው ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ለይተው የሚመረምሩ ልዩ የሠራተኞች ቡድኖች እንዲኖሩ አዝዟል። በናይሮቢም ከፍተኛው ፍርድ ቤት በታኅሣሥ ወር 2020፣ ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ በተነሣው ሁከት የተደፈሩ አራት ሰዎች መንግሥት በደላቸውን ባለመመርመሩ እያንዳንዳቸው 4 ሚሊዮን ሽልንግ እንዲካሱ ፈርዷል። ይኸውም አቤቱታው ከቀረበ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

ነገሩ የጎረቤት ብቻ አይደለም። በሰሜን አገራችን ከ2020 እስከ 2022 የተደረገው ጦርነት በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲቆም፣ የጦር አዛዦች የማስፈጸሚያውን ሰነድ የፈረሙት በዚችው በናይሮቢ በኅዳር ወር 2022 ነበር። በጦርነቱ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ ሴቶች መደፈራቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በየጊዜው ባወጣቸው ሪፖርቶች ገልጧል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ ወር 2024 ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ለተጎጂዎች ማካካሻ እንደሚገባ ይናገራል።

ከ1960 ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2143 የጉዳት ካሣ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ይደነግጋል፤ ጥፋቱ ወንጀል ሲሆንና የወንጀሉ ይርጋ ሲረዝም ያ የረዘመው ጊዜ ይጸናል። እንግዲህ ለማካካሻው ዝርዝር ሕግ የሚያወጡ ሰዎች ከናይሮቢ አረጋውያን አንድ ነገር ቢማሩ መልካም ነው። ይኸውም ቃሏን በጊዜ የሚመዘግብ፣ መዝገቧን የሚጠብቅ፣ ዝምታዋንም እንደ ጥፋት የማይቈጥርባት ሥርዓት ለተበደለችው ሴት አስቀድሞ ማበጀት ነው።

በወንጌል የተነገረላት መበለት ዳኛውን ደጋግማ በመመላለስ ፍርድ አገኘች። ጽናቷን እናደንቃለን። ነገር ግን የመልካም ሕግ ሥራ መበለቲቱን ከዚያ ሁሉ መመላለስ ማዳን ነው እንላለን።